የጉለሌ ሸማ በቆላ መንገድ፤ ስለ ጋቢ፣ ስለ ኩታና ስለ ግልድም

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ስንቁን ካሰናዳ በኋላ የሚያስበው ስለ ልብሱ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ስለ ሸማ የሚጻፈው ጽሕፈት ብዙውን ጊዜ አያነሣውም፤ ይበልጥ የሚያተኩረው በበዓል ልብስ፣ በጥለትና በጥበብ ላይ ነው። ዳሩ ግን አንድ ሕዝብ ስለ ልብሱ ያለው ዕውቀት የሚገለጠው በበዓል ቀን ብቻ አይደለም፤ ሰው ከለመደው አየር ተለይቶ ሲሄድ ካለው ልብስ የትኛውን እንደሚይዝና የትኛውን እንደሚተው በሚቈርጥበት ጊዜም ይገለጣል። ወደ ሙቀት አገር የሚሄድ ደገኛ ስሱን ይዞ ወፍራሙን ይተዋል ተብሎ ይገመታል። የአገሩ ልማድ ግን ከዚህ ግምት ጋር አይስማማም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከጉለሌ የሸማ መሥሪያ የሚወጣው ልብስ ለቆላ መንገድ እንዴት ይመረጥ እንደ ነበረ፣ ምርጫውም በእጥፍ ብዛት ብቻ የማይወሰነው ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር ነው።

ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከተማው ከመቈርቈሩ አስቀድሞ በዚያ ይኖር ከነበረው ከጉለሌ የኦሮሞ ጎሣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በእንጦጦ ግርጌ ያለው ዳገት እየቈየ የልዩ ልዩ ባለሙያዎች መኖሪያ ሆነ። ከእነዚህም መካከል ስማቸው ከሰፈሩ ጋር የተያያዘው ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ናቸው። እነርሱም የጋሞ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ዋናው ከተማ መምጣት ጀመሩ፤ ሽሮ ሜዳም ዋና ገበያቸው ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። የከተማው ሰው ሁሉንም በአንድ ስም «ዶርዜ» ይላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ዶርዜ ከብዙዎቹ የጋሞ አገሮች አንዱ ብቻ ነው፤ በጉለሌ ከሚሠሩትም አያሌዎቹ የሌሎቹ አገሮች ተወላጆች ናቸው።

በሰሜኑ ክፍል የሸማ ሥራ ከቀድሞ ጀምሮ ይበልጡን በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤል እጅ ነበረ። ባላገሩ የእጅ ሥራን ይንቅ ስለ ነበረ የሸማኔ ስም እንደ ስድብ ይቈጠር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ልማድ በዐዋጅ ቶሎ አይሻርም። ሸማኔውን ከማዕዱ የሚያርቀው ባለ መሬት እንኳ በአደባባይ ክብሩ የሚታወቀው በዚያው በሸማኔው እጅ በተሠራው ልብስ ነበር። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ ቀጥሎ የሚነገረው የልብስ ዕውቀት የለባሹ ብቻ ሳይሆን የሠሪውም መሆኑ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነው።

ሸማ የደጋ ልብስ ይባላል እንጂ ፍጥረቱ ከቆላ ነው። ጥጥ ውርጭ አይችልም፤ ስለዚህም የሚበቅለው በዐዋሽ ሸለቆ፣ በአባያ ሐይቅ ዙሪያ፣ በሰሜን ምዕራብም በመተማና በሑመራ ቆላ ነው። ደገኛው ጥጡን ከገበያ ይገዛል፤ ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ይለዩታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ ባዘቶውንም በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ከአፋፉ ይቀመጥና ድሩን በእግሩ እየከፈተ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሳል። እንዲህ ከቆላ የወጣው ጥጥ በደጋ ልብስ ሆኖ ከመንገደኛው ጋር ተመልሶ ወደ ቆላ ይወርዳል።

የሸማን ዓይነቶች በእጥፍ መለየት የተለመደ ነው፤ ለመማሪያም ይመቻል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ኩታ ሁለት እጥፍ ነው። ነጠላ ስሙ አንድ እጥፍ ቢያሰማም በገበያ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ነው፤ ስሱነቱም ከፈትሉ ቅጥነትና ከድሩ መሳሳት የሚመጣ ነው። ቡልኮ ከወፍራም ፈትል የሚሠራ ከባድ ልብስ ሲሆን ከመልበስ ይልቅ ለመኝታ ያገለግላል። ከበግ ጠጕር የሚሠሩት የመንዝ ባናና በርኖስ ከዚህ ወገን አይቈጠሩም፤ ለብርድና ለዝናም የተሠሩ ስለ ሆኑ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ያለ ክርክር ከቤት የሚተዋቸው እነርሱን ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ከጥጡ ልብስ ላይ ነው።

ይኸውም በሁለት ሸማዎች መካከል የእጥፉ ቍጥር አንድ ሆኖ ሳለ ሙቀታቸው ሊለያይ ስለሚችል ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ ላላ ያለና ጠጕራም በመሆኑ በውስጡ አየር ይይዛል፤ አየሩም ቀን የፀሐይን ትኩሳት፣ ሌሊት ብርድን ከሰውነት ያርቃል። የፋብሪካ ክር ግን የከረረና ለስላሳ ነው። በድሬዳዋ፣ ኋላም በአቃቂ የጥጥ ፋብሪካዎች ከተቋቋሙ ወዲህ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነው ሸማ እየበዛ ሄዷል። ድሩ ጠንካራ መሆኑ ለሸማኔው ድካም ይቀንስለታል፤ የሸማው ጠባይ ግን ያን ጊዜ በማጉ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዐዋቂ ገዢ እጥፉን ከመቍጠሩ በፊት ጨርቁን በጣቱ መካከል ያሻል፣ ወደ ብርሃንም አንሥቶ ያየዋል። ሙዚየሞች ለጋቢ «የብርድ ልብስ»፣ ለነጠላ «የሙቀት ልብስ» ብለው የሚሰጡት ምልክት ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የተሻለው ምስክር የምድር ባቡር መንገድ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው አንድ ሌሊት በዐዋሽ፣ ሁለተኛውን በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ከባሕር ዳር ይደርስ ነበር። ከጉለሌ ዳገት፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ፣ በማለዳ በብርድ የተነሣው መንገደኛ በዚያው ቀን ማታ በዐዋሽ 1,000 ሜትር በማይሞላ ስፍራ ያድራል። ልብሱ የሚፈተነው እንግዲህ በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ማለዳ ጋቢ ያስፈልገዋል፤ ከቀትር በኋላ ጋቢው ሸክም ይሆንበታል፤ ማታ ደግሞ እንደገና ይፈልገዋል፤ በዚህ ጊዜ የሚፈልገው ግን ለሌላ ምክንያት ነው።

ደገኛ ቆላን የሚፈራው ከፀሐዩ ይልቅ ስለ ንዳዱ ነው። በሽታውን ቢምቢ እንደሚያመጣው ከመታወቁ አስቀድሞም ቢሆን መንገደኛ በቆላ ሲያድር ከራሱ እስከ እግሩ ተከናንቦ ይተኛ ነበር። ስስ ነጠላ በላብ ረጥቦ ከሰውነት ጋር ሲጣበቅ የቢምቢ መውጊያ ያሳልፋል፤ ከሰውነት ራቅ ብሎ የሚቆመው አራት እጥፍ ጋቢ ግን ይሻላል። ንዳድ የቆላ በሽታ ብቻ ነው የሚለው እምነት የቱን ያህል የተሳሳተ እንደ ሆነ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የተነሣው ወረርሽኝ በብርቱ አሳይቷል፤ በዚያ ጊዜ ከ1,600 ሜትር በላይ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ሳይቀር 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። የሆነ ሆኖ በሙቀት አገር ወፍራም ልብስ መያዝ እንደ ሞኝነት የሚታየው ከሌሊቱ ይልቅ ቀኑን ብቻ በሚያስብ ሰው ዘንድ ነው።

ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚደረገው ጉዞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ልዑል ራስ መኰንን ናቸው፤ ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረው በዓል ከአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይስባል። መንገደኛው በዐዋሽ በረሓ አልፎ በድሬዳዋ ሙቀት ወርዶ፣ ከዚያ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በታኅሣሥ ብርድ በደጋው ላይ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ነጠላ ብቻ የያዘ በሌሊቱ ይቀጣል፤ ጋቢ ብቻ የያዘ በቀኑ ይቀጣል። ሁለቱንም የያዘ ደግሞ ለስለት የሚያደርሰው ዕቃ ሲጨመርበት ሸክሙ ይከብደዋል።

በዚህ ጊዜ የኩታ ጥቅም ይታያል። ኩታ ቀን በሁለት እጥፉ ተዘርግቶ ይለበሳል። ማታ እንደገና ቢታጠፍ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም የጋቢ ቍጥር ነው። ስፋቱ በእኩሌታ ስለሚቀንስ ተኝቶ እግሩን ለሚዘረጋ አይበቃም፤ ተቀምጦ ወይም ተኰራምቶ ለሚያድር መንገደኛ ግን ይበቃል። ሁለት ኩታ የያዘ ሰው አንዱን አንጥፎ አንዱን ይለብሳል፤ ወይም አንዱን በእንዶድ አጥቦ ሲያሰጣ ሌላውን ይለብሳል። በቆላ ፀሐይ ኩታ ቶሎ ይደርቃል፤ የረጠበ ጋቢ ግን ከክብደቱ የተነሣ ለመሸከምም ለማድረቅም ያስቸግራል። ነጭ ልብስ በመንገድ አቧራ ፈጥኖ ስለሚቈሽሽና የቈሸሸ ሸማ ለብሶ ከሰው ቤት መግባት ስለሚያሳፍር ይህ ጕዳይ ከብርድና ከሙቀት ያነሰ አልነበረም።

የጥለቱም ነገር አለ። መንገደኛ በመንገዱ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ቢሳለም አጣፍቶ ይለብሳል፣ ለቅሶ ቢደርስ ዘቅዝቆ ይለብሳል። ጥለቱ እጅግ ያሸበረቀ ልብስ ለሠርግ ያምራል፤ ተዘቅዝቆ በሐዘንተኛ ትከሻ ላይ ሲታይ ግን ያስነውራል። ስለዚህ ለመንገድ የሚመረጠው ጥለቱ ጠባብና ቀለሙ ዝግ ያለ ኩታ ነው። ዛሬ በሽሮ ሜዳ ከሱቆች ፊት የሚሰቀለው ባለ ሰፊ ጥበብ ልብስ ዓይን ቢስብም ከዚህ ወገን አይደለም፤ እንዲህ ያለው ልብስ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ለመድረሻው እንጂ ለመንገዱ አይደለም።

ከምርጫው ቀጥሎ የአለባበሱ ጥያቄ ይመጣል። በሙቀት ጊዜ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ይጠመጥማል፤ ይህ ግልድም ይባላል። ቈለኛው ከጥንት ጀምሮ የሚለብሰው ልብስ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ አፋሮች ሰናፊል ይሉታል፣ ሶማሌዎች ማዓዊስ ይሉታል፣ በድሬዳዋና በሐረር በአማርኛ ሽርጥ ይባላል። ሽርጥ ነፋስ ያስገባል፣ ለመቀመጥም ለመራመድም ይመቻል፣ ሲመሽም ተፈትቶ መደረቢያ ይሆናል። በድሬዳዋ የኖሩ ደገኞች ከቀትር በኋላ በቤታቸው ሽርጥ መልበስን ፈጥነው ለምደዋል። ነገር ግን በሽርጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ዳኛ ፊት መሄድ ለእነርሱ የማይሆን ነገር ነበር። የሽርጡ ጨርቅ ብዙው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ባለ ቀለም ስለ ነበረ የጉለሌ ሸማኔ ከዚህ ንግድ ያገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው።

ደገኛው የራሱን ኩታ ሲያገለድም ግን የሚገጥመው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው። በደጋው ሥርዐት ሸማን በወገብ ወይም በደረት ላይ ማሰር ትርጕም አለው፤ ማደግደግ ይባላል፤ አሽከር በጌታው ፊት፣ ታናሽ በታላቁ ፊት፣ ባለ ጉዳይ በዳኛ ፊት የሚያደርገው የአክብሮት ምልክት ነው። ታላቅ ሰው ግን በሸማው ተሸፋፍኖ ትከሻውን ከድኖ ይቀመጣል። ሲሞን ሜሲንግ የተባለ የሕዝብ ልማድ ተመራማሪ በ1960 እ.ኤ.አ. «አንትሮፖስ» በተባለው መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ ሸማ እንደ አለባበሱ የለባሹን ማዕርግና የልቡን ሁኔታ ያለ ቃል የሚናገር ልብስ መሆኑን አስረድቷል። ጽሑፉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አየሩ ሲለወጥ ይህ ቋንቋ ምን እንደሚሆን ማሰብም ይገባል። በቆላ ሙቀት የሚያቀዘቅዘው አለባበስ በደጋው ቋንቋ የአሽከር አለባበስ ነው። አሽከሩ ሸማውን በወገቡ አስሮ ነፋስ ሲያገኝ ጌታው ተከናንቦ ያልበዋል። ሙቀቱ ለሁለቱ እኩል ቢሆንም ክብር የሚያስከፍለው ዋጋ እኩል አልነበረም።

ይህም በትልቁ ጉዞ ላይ ታይቷል። በሚያዝያ ወር 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከመኳንንቱ ጋር በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያም በመርከብ በቀይ ባሕር ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ግብጽ፣ ቀጥሎም ወደ አውሮፓ ሄዱ። በዚያ ጉዞ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ መኳንንቱ በነጭ ልብሳቸው ላይ ካባ ደርበው ይታያሉ። ካባ ለጅቡቲ አየር የተሠራ ልብስ አይደለም። የአገር መልእክተኛ ሻንጣውን የሚያሰናዳው ግን ለአየሩ ሳይሆን ለሚቀበሉት ሰዎች ዓይን ነው።

ከሌላ አገር ምሳሌ ቢፈለግ የስኮትላንድ ደገኞች ልብስ ተስማሚ ነው። ዛሬ ኪልት የሚባለውና ወንዶች በወገባቸው የሚለብሱት ሽንሽን ልብስ አስቀድሞ ትልቅ የሱፍ ጨርቅ ነበረ፤ ለባሹ እኩሌታውን በወገቡ ዙሪያ ሰብስቦ በመታጠቂያ ያስረዋል፣ እኩሌታውን በትከሻው ላይ ይጥላል፣ ሌሊትም ፈትቶ ተጠቅልሎበት ይተኛል። በ18ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ የላይኛው ክፍል ተለይቶ ቀረና የወገቡ ብቻ ራሱን የቻለ ልብስ ሆነ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1746 እ.ኤ.አ. በሕግ ከለከለው፣ በ1782 እ.ኤ.አ. ክልከላው ተሻረ። ቀንም ሌሊትም የሚያገለግል አንድ ጨርቅ በዚያ በሁለት ሲከፈል፣ በኢትዮጵያ ግን ኩታ ሳይቈረጥ እስከ ዛሬ ደርሷል። ልዩነቱ የመጣው ከጨርቁ ጠባይ ይመስላል፤ ወፍራም ሱፍ በወገብ ላይ ሲሰበሰብ ይከብዳል፣ የላይኛውን መቍረጥ ያስመኛል፤ የጥጥ ኩታ ግን ቀላል በመሆኑ ሙሉውን መሸከም አያስቸግርም።

ኮትና ሱሪ የከተማ ሰው የዘወትር ልብስ ከሆነ ወዲህ ሸማ ከመንገደኛው ትከሻ ላይ እየወረደ ወደ ሻንጣው ገብቷል። የቀድሞው የምድር ባቡር ሥራውን አቋርጦ፣ አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የዐዋሽ አዳር ቀርቷል፤ መንገደኛ ቆላውን ቀንም ሆነ ሌሊት በመስኮት እያየ ያልፈዋል። ከሰው ሠራሽ ክር የሚሠራው ርካሽ ነጠላም በገበያው በዝቷል። ይህ ክር ላብ ስለማይመጥ በዓይን ሲታይ ስስ፣ በሙቀት አገር ሲለበስ ግን የሚያፍን ነው። ስሱ ለቆላ፣ ወፍራሙ ለደጋ የሚለው ግምት ከዚህ ጨርቅ ጋር ሲገናኝ ጭራሹን ይሳሳታል።

የቀድሞው ምርጫ ሕያው ሆኖ የሚታየው ምናልባት ከራሳቸው ከሸማኔዎቹ ዘንድ ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ለመስቀል፣ በጉለሌ የሚኖሩት የጋሞ ተወላጆች ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ ጭጋግ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፣ በሐይቆቹ አጠገብ አልፎ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከአርባ ምንጭ ይደርሳል። ሸማኔው ለወላጆቹ የሚወስደው ጋቢ በዕቃው መካከል ታጥፎ ይቀመጣል፤ ለራሱ የያዘው ኩታ ግን ከላይ፣ እጁ ከሚደርስበት ስፍራ ነው። በሸለቆው ሙቀት ኩታው በጭኑ ላይ ይውላል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚህች አጭር መንገድ ግን መኪናው ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። የቀርከሃው ደን መታየት ሲጀምር ተሳፋሪው ኩታውን ከጭኑ አንሥቶ በትከሻው ላይ ይጥላል፤ ዳገቱ አልቆ ደመናው ሲያገኘው ደግሞ በአራት ያጥፈዋል።